የቤተሰብ አሮጌ መኪና፦ መንከባከብ፣ ማደስ፣ መቀየር ወይስ ማቆም?

የወላጆቹን መኪና የተረከበ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ መካኒክ «ሞተሩ ይውረድ» ይላል። ሌላው «ተፈታትቶ ካልታደሰ ዋጋ የለውም» ይላል። «የዘመኑን ሞተር ግጠሙበት» የሚልም አለ። አክስት ደግሞ «ሸፍናችሁ አቁሙት፣ መታሰቢያ ነው» ትላለች።

እያንዳንዱ ምክር የሚስማማው መኪና አለ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ምክሩ የሚሰጠው መኪናው ሳይታይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ። ከዚያ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ በነሱ እንመዝናቸዋለን። የማወራው ቤተሰብ ስላሳደገ፣ ዕድሜው 25 ወይም 30 ዓመት ስላለፈ ተራ የቤት መኪና ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከምርጫው በፊት የሚታዩ ነገሮች

ላሜራው። ይሄ ከሁሉም ይቅደም። ብዙ ሰው መጀመሪያ ኮፋኖ ይከፍታል። እኔ ግን መጀመሪያ መኪናው ሥር ግቡ እላለሁ። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ በሌላ ይቀየራል። ካምቢዮም እንደዚያው ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። ሻንሲውም አካሉም አንድ ነው። እሱ ከበሰበሰ የቀረውን የሚሸከም ነገር የለም።

ግሪካዊው የታክሲ ሹፌር ግሪጎሪዮስ ሳኺኒዲስ በ1976 የተሠራ መርሴዲስ 240ዲውን 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ በ2004 መኪናውን ለአምራቹ ሙዚየም አስረክቧል። ያን ሁሉ መንገድ በአንድ ሞተር አልሄደም። ሞተሮቹን እያፈራረቀ ነበር የሚሠራው። ሞተር ሲደክም የሚቀየር ዕቃ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ዝገቱን የት ትፈልጋላችሁ? ከበሮቹ በታች ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን ጠርዝ እዩ። ምንጣፉን አንስታችሁ ወለሉን እዩ። ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ፣ የኋላ ሞላ ወይም ባሌስትራ የሚታሰርበትን፣ የባትሪውን መቀመጫ፣ የፊት መስታወት ጎማውን ሥር አትርሱ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉ። ስቱኮ ማግኔት አይስብም። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ደብዛዛ ነው። የበር ታችኛው ጫፍ ወይም የፓራፋንጎ ዝገት መልክ ያበላሻል እንጂ መኪና አይገድልም። የሞላ መቀመጫ፣ የመሪና የቀበቶ ማሰሪያ አካባቢ ከሆነ ግን ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። እዚያ ላይ ቀለም መቀባት አደጋን መደበቅ ነው።

መለዋወጫው። በብዛትና ለረጅም ጊዜ የተመረተ መኪና ዕድለኛ ነው። ቮልስዋገን ቢትል ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ሲመረት ቆይቷል፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የመጀመሪያው ሚኒ ከ1959 እስከ 2000 ተመርቷል። ከፊያት 124 የተወለዱት ላዳዎች 2012 ድረስ ዘልቀዋል። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ካንዴላም፣ የፍሬን ሸራም፣ ጓርኒሲዮንም ዛሬም በአዲስ ይገኛል። ለሚኒ እንግሊዝ ውስጥ አዲስ አካል ሳይቀር ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚፈራው የሞተር ዕቃ ማጣትን ነው። እውነተኛው ራስ ምታት ግን ሌላ ቦታ ነው። የመስታወት ጎማ፣ የመብራት መስታወት፣ የበር እጀታ፣ የዳሽቦርድ ፕላስቲክ፣ የወንበር ጨርቅ አንዴ ከጠፉ ጠፉ ነው። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት አሥር ዕቃ ጻፉና አፈላልጉ። አምስቱ የሞተርና የፍሬን፣ አምስቱ የአካልና የውስጥ ይሁኑ። የምታገኙት መልስ ከማንም ምክር ይበልጣል።

አጠቃቀማችሁ። በየቀኑ ሥራ ሊያደርሳችሁ ነው? ቅዳሜና እሁድ ብቻ? ወይስ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሠርግና ለቤተሰብ ጉዞ? ይሄ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ምርጫ ይቆርጣል።

የገንዘቡ መልክ። «ስንት አለኝ» ብቻ አይበቃም። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማውጣት የሚችልና በአንድ ጊዜ ብዙ ማውጣት የሚችል ሰው የሚሄዱበት መንገድ የተለያየ ነው።

ደኅንነት። ሦስት ነጥብ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 ነው ያመጣው። በብዙ መኪናዎች ኋላ ወንበር ላይ ለመድረስ ግን ረጅም ጊዜ ወስዷል። ብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ኤርባግ የላቸውም። አንዳንዶቹ የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ልጆች የሚጫኑበት መኪና ከሆነ ይሄ ከውበቱ በፊት ይታሰብ።

መመለስ መቻሉ። በቡሎን የታሰረ ለውጥ ነገ ይፈታል። ላሜራ ተቆርጦ የተሠራ ለውጥ ግን አይመለስም።

## አንደኛ ምርጫ፦ እየነዱ መንከባከብ

መኪናው ይሄዳል፣ ላሜራው ጤነኛ ነው፣ ትልቅ ችግር የለበትም። እንግዲያውስ አትፍቱት። ሰርቪሱን ሳታዛንፉ ንዱት።

የዚህ መንገድ ትልቁ ምስክር አሜሪካዊው ኢርቭ ጎርደን ነው። በ1966 በአዲስነቱ የገዛውን ቮልቮ 1800ኤስ እየነዳ በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል አለፈ። ወደ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሞተሩ በመሐል ታድሷል። ለረጅም ዕድሜው የሚሰጠው ምክንያት ግን ቀላል ነበር፦ ዘይት በጊዜው መቀየርና የአምራቹን የሰርቪስ መጽሐፍ መከተል።

በአሮጌ መኪና ላይ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ቀን መቁጠር ይጠቅማል። ጎማ ነክ ነገር ሁሉ ባይነዳም ያረጃል። የራዲያተር ቱቦ፣ ቺንጊያ፣ ጎሚኒ፣ የቤንዚን ቱቦ ቆሞም ይሰነጠቃል። የፍሬን የጎማ ቱቦ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል። እግራችሁን ስታነሱ ዘይቱን አልመልስ ይላል። ፍሬኑ ይያዝና ቸርኬው ይግላል። ስንት ሰው ይሄን ሳያውቅ ሸራ ሲቀያይር ይኖራል።

የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም። ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን መሥፈርቱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል የሚነካው በዚህ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

የሞተር ዘይትም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዛሬ ዘይቶች ብዙዎቹ ዚንክና ፎስፈረስ ያለው ተከላካይ ቅመም ተቀንሶባቸዋል። የጭስ ማጣሪያው እንዳይበላሽ ነው። የድሮ ሞተር ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ግን በዚያ ቅመም ነው የሚጠበቀው። ለድሮ ሞተር ተብሎ የተዘጋጀውን፣ አምራቹ በጻፈው ውፍረት ግዙ።

ቤንዚንም ተቀይሯል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከ2021 ጀምሮ ለመኪና በየትም አገር አይሸጥም። እርሳሱ ለስላሳ የቫልቭ መቀመጫዎችን ይከላከል ነበር። መኪናችሁ ከዚያ ዘመን ከሆነ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በወረደ ጊዜ ጠንካራ መቀመጫ አስገጥሙ። ለዚህ ብቻ ብሎ ሞተር ማስፈታት አያስፈልግም። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ የድሮውን ጎማ ቱቦ ኢታኖል በሚችል ቀይሩት። የፈሰሰ ቤንዚን መኪና ያቃጥላል።

ጎማችሁ ገና ጥርስ አለው ብላችሁ አትታለሉ። ጎኑ ላይ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ከሆነ በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አውጡት። አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ከነስኮርታው ይቀየር።

## ሁለተኛ ምርጫ፦ በየደረጃው ማደስ

ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው ይሄን ነው። መኪናው ከመንገድ ሳይወጣ፣ በየተራ አንድ ክፍል ይታደሳል። ዘንድሮ ፍሬን፣ ከርሞ የታች አካል። ገንዘቡ ተከፋፍሎ ይወጣል። ስህተት ቢኖር በአንድ ክፍል ላይ ስለሆነ ምንጩ ቶሎ ይገኛል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀለም ያስቀድማል። ቀለም መጨረሻ ነው። አንድ ዓመት ሳይቆይ ወለሉ ሲበየድ ይቃጠላል፣ ገንዘቡም አብሮ። እኔ የምከተለው ተራ ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሚያቆመውና የሚያዞረው፦ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ የቸርኬ ኩሽኔታ። ቀጥሎ ውኃ የሚያስገባው። የመስታወትና የበር ጎማ ይቀየር፣ በር ሥር ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ይጠረጉ፣ የበሰበሰው ይበየድ። ብየዳው ሲያልቅ የአካሉ ባዶ ውስጥ ሁሉ ፀረ ዝገት ሰም ይረጭበት። ይሄን ሰም የሚዘል ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ ቦታ እንደገና ያስበይዳል። በበሰበሰ ላሜራ ላይ ወፍራም ጥቁር ቅብ መቀባት ደግሞ እርጥበቱን ውስጥ ይቆልፋል።

ሦስተኛ ማቀዝቀዣውና የኤሌክትሪክ ገመዱ። ራዲያተር፣ ቴርሞስታት፣ የውኃ ፖምፓ። የደረቀ ገመድ፣ የላላ ማያያዣ፣ የዛገ የኔጌቲቭ ማሰሪያ። ብዙ «የሞተር ችግር» የሚባለው እዚህ ይገኛል።

ሞተሩ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ለማውረድ አትቸኩሉ፤ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር የሚያምቅበትን ኃይል፣ አስለኩ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ዝቅ ካለ ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና ድጋሚ ለኩ። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። ካልወጣ ችግሩ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ላይ ነው፣ ቴስታታውን ብቻ ማውረድ ሊበቃ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ሰፊ ነው። «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ሰው ይሄን ሳይለካ ከተናገረ ሌላ መካኒክ ጠይቁ።

## ሦስተኛ ምርጫ፦ ሙሉ እድሳት

መኪናው እስከ መጨረሻው ቡሎን ይፈታል። አካሉ ባዶውን ይቀራል፣ ይጸዳል፣ ይበየዳል፣ ይቀባል። ከዚያ ሁሉም እንደገና ይገጠማል። በደንብ ሲያልቅ እጅግ ያምራል።

ግን እውነቱን ልናገር። ብዙ የቤተሰብ መኪናዎች የሚሞቱት እዚህ ነው። በጉጉት ይፈታሉ፣ በካርቶን ይቀመጣሉ፣ ገንዘቡ ወይም መካኒኩ ያልቃል፣ መኪናው በካርቶን እንደቀረ ይኖራል። አሮጌ ላሜራ ሲጸዳ ያልታሰበ ጉድጓድ ይወጣል። ስለዚህ የተነገራችሁ ዋጋ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ይሄን የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ይኑረው፦ ከግምቱ በላይ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ሌላ የሚነዳው መኪና፣ የደረቀ የተዘጋ ቦታ። ከመፈታቱ በፊት ሁሉም ነገር ፎቶ ይነሳ። ቡሎኖቹ በየከረጢቱ ስማቸው ተጽፎ ይቀመጡ። ክፍያውም ሥራው ባለቀ መጠን ይሁን እንጂ በቅድሚያ ሙሉውን አትስጡ።

እንደ ሽያጭ ስሌት ካየነው፣ ተራ የቤት መኪና ለእድሳት የወጣበትን ገንዘብ እምብዛም አይመልስም። ለፍቅር ብላችሁ ካወጣችሁ ግን ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም።

## አራተኛ ምርጫ፦ የዘመኑን ዕቃ መግጠም

እዚህ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስላሉ ለያይተን እንያቸው።

ትንንሾቹ ለውጦች ጠቃሚ ናቸው። በፑንቲና (በሚነካካ የብረት ነጥብ) የሚሠራውን ማቀጣጠያ በኤሌክትሮኒክ መተካት መኪናውን በቀላሉ ያስነሳዋል። ሁለት መስመር ያለው የፍሬን ዋና ፖምፓ፣ የኋላ ቀበቶ፣ የተሻለ መብራት ሁሉም በቡሎን የሚገቡ ናቸው። የወጣውን ኦርጅናል ዕቃ ግን አትጣሉ። ቀበቶም በደህና፣ በተጠናከረ ላሜራ ላይ ይታሰር።

ሌላ ሞተር መግጠም ሌላ ጉዳይ ነው። ሞተሩ ብቻውን አይመጣም። ካምቢዮው፣ ማቀዝቀዣው፣ ማርሚታው፣ ገመዱ፣ ኮምፒውተሩ ይከተሉታል። ጉልበት ከጨመረ ፍሬኑም መጨመር አለበት። ኦርጅናሉ ሞተር መለዋወጫ ጨርሶ ከሌለው ያስኬዳል። ሊታደስ የሚችል ሞተር እያለ ግን አልመክርም።

ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር እየተለመደ ነው። ፈረንሳይ በ2020 ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ደንብ አውጥታለች። ጸጥታው ደስ ይላል፣ የከተማ ጉዞም ይመቸዋል። ባትሪው ግን ከባድና ውድ ነው። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እንዴት እንደተከፋፈለ ፍሬኑንና ሞላውን ይነካል። የሞተር ለውጥ በብዙ አገር አዲስ ፍተሻና የሰነድ ለውጥ ይጠይቃል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የፈቃድ ሰጪውንና የኢንሹራንሱን መልስ በጽሑፍ ያዙ።

## አምስተኛ ምርጫ፦ ማቆም

ለጊዜው አቅም ከሌላችሁ ማቆም ነውር አይደለም። ዝም ብሎ መተው ግን ማቆም አይደለም። ታጥቦ ይድረቅ። ዘይቱ ይቀየር። ባትሪው ይውጣ። ጎማው በደንብ ይነፋ። የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅና ጎማው በሽብልቅ ይያዝ፤ አለበለዚያ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። አየር የማያሳልፍ ላስቲክ አታልብሱት፣ ከሥሩ ያላበዋል። በየሳምንቱ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት ጥሩ ይመስላል፤ ይጎዳል። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ ውኃውና ቤንዚኑ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ወይ በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ንዱት፣ ወይ ጭራሽ አታስነሱት።

## በሰንጠረዥ

| ምርጫ | የሚፈልገው ላሜራ | ገንዘቡ የሚወጣው | መኪናው የሚቆምበት ጊዜ | መመለስ ይቻላል? | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| እየነዱ መንከባከብ | ጤነኛ | በትንሽ በትንሹ፣ ሳያቋርጥ | ሰዓታት ወይም ቀናት | አዎ | ሰርቪስ መዘለል |
| በየደረጃው ማደስ | ጤነኛ ወይም መጠነኛ ዝገት | ተከፋፍሎ | በየክፍሉ ቀናት ወይም ሳምንታት | አዎ | ቅደም ተከተል ማዛባት |
| ሙሉ እድሳት | የተጎዳም ይሆናል | ባንዴ፣ ከግምት በላይ | ወራት ወይም ዓመታት | በከፊል | ተፈትቶ መቅረት |
| ትንንሽ ዘመናዊ ለውጥ | ጤነኛ | መጠነኛ | ቀናት | አዎ | ርካሽ ዕቃ |
| ሌላ ሞተር ወይም ኤሌክትሪክ | በጣም ጤነኛ | ባንዴ፣ ብዙ | ወራት | ብዙ ጊዜ አይቻልም | ፈቃድና ክብደት |
| ማቆም | ማንኛውም፣ ደረቅ ቦታ ካለ | ጥቂት | እስኪነሳ ድረስ | አዎ | መረሳት |

## የትኛውን ዕቃ ልግዛ?

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ይሄ ጥያቄ ይመጣል። ለፍሬን፣ ለመሪና ለነዳጅ ያገለገለ ዕቃ አትግዙ። ኦርጅናል ካልተገኘ ስሙ የሚታወቅ አምራች የሠራውን አዲስ ውሰዱ። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ «አዲስ ኦርጅናል» የጎማ ዕቃም አያጓጓችሁ፤ ጎማው በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ አርጅቷል። ለእጀታ፣ ለመብራት፣ ለበር፣ ለፓራፋንጎ ግን ከሌላ መኪና የተፈታ ኦርጅናል ከአዲስ ቅጂ ብዙ ጊዜ በተሻለ ይገጥማል። ዲናሞና ሞተሪኖ የራሳችሁን አሳድሱ። የተለወጠው ዕቃ ተገጥሞ እስኪሠራ ድረስ የድሮውን ለማንም አትስጡ።

## ማን የቱን ይምረጥ?

በየቀኑ የምትነዱት ከሆነና ሌላ መኪና ከሌላችሁ፣ መንከባከቡ ላይ ትንንሾቹን የደኅንነት ለውጦች ጨምሩበት። ፍሬኑንና ቀበቶውን ሳታሟሉ ልጅ አትጫኑበት።

ደመወዝተኛ ሆናችሁ በየወሩ ጥቂት የምታስቀምጡ ከሆነ በየደረጃው አድሱት። የመጀመሪያውን ወር ወጪ ለምርመራ ብቻ አውሉት። ከታች በደንብ ይታይ፣ ኮምፕሬሽኑ ይለካ፣ ዝርዝሩ ይጻፍ።

መለዋወጫው የማይገኝ መኪና ከሆነ፣ ተመሳሳይ የማይሠራ መኪና ፈልጋችሁ ዕቃውን ለመያዝ ሞክሩ። ሞተሩን ሳይሆን መስታወቱን፣ መብራቱንና የውስጡን ዕቃ ብላችሁ ግዙት።

ገንዘብ ያለው፣ የማይቸኩልና ላሜራው የተጎዳበት ሰው ሙሉ እድሳቱን ያስብ። ከዚያ በፊት ግን ያው ሞዴል ላሜራው ደህና የሆነ ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቅ። የአባታችሁ መኪና ራሱ ካልሆነ አይሆንልንም ካላችሁ እረዳለሁ። ያኔ ዋጋውን አውቃችሁ ግቡበት።

ወንድምና እህት በጋራ የወረሳችሁት ከሆነ፣ ማን እንደሚነዳው፣ ማን እንደሚከፍልና ስሙ በማን እንደሚዞር መኪናው ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ጻፉት። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚነሳ የወጪ ክርክር ስንቱን መኪና ተፈትቶ ጋራዥ ውስጥ አስቀርቷል።